ለሩጫ ማሽን ከመክፈላችሁ በፊት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ጂም ስለመምረጥ

ሰው ጂም ሊገባ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "በወር ስንት ነው?" ብሎ ነው። እኔም ለዓመታት ይሄንኑ ነበር የምጠይቀው። አሁን ጓደኛ ሲያማክረኝ ግን መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ትሄዳለህ? ያሰብከውን ማለቴ አይደለም። ዝናቡን፣ ሥራ የሚያመሽበትን ቀን፣ ለቅሶውን፣ ሰርጉን ሁሉ ቀንሰህ የሚተርፍህን ቀን ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንዱ ጂም በወር 1,500 ብር፣ ሌላው 900 ብር ያስከፍላል እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት። ባለ 1,500ው ከቤት አምስት ደቂቃ በእግር ነው። ቅርብ ስለሆነ በወር 15 ቀን ትሄዳላችሁ። አንዱ ቀን 100 ብር መጣ። ባለ 900ው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ባጃጅ ደርሶ መልስ 40 ብር ይፈጃል። ሲደክማችሁ ትቀራላችሁ፤ በወር 6 ቀን ብትሄዱ ነው። 900 ለ6 ሲካፈል 150፣ ባጃጁ ሲጨመርበት 190 ብር። ርካሽ የተባለው ጂም እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ርቀቱን ነው። ከቤት ወይም ከሥራ ቦታ በእግር ከ15 ደቂቃ በላይ የሚርቅ ጂም፣ ዕቃው ምንም ቢያምር፣ ለአብዛኛው ሰው አይዘልቅም። ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ስትሄዱ ቁልቁለት የነበረው መንገድ ስትመለሱ ዳገት ነው፤ ያውም እግራችሁ በዛለበት ሰዓት። ከመመዝገባችሁ በፊት መንገዱን በምትሄዱበት ሰዓት፣ በእግራችሁ፣ ደርሶ መልስ ሞክሩት።

ሁለተኛው ነገር የክፍያው አይነት ነው። ይሄን የተማርኩት ከስሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት "የሦስት ወር ከከፈልክ ቅናሽ አለው" ተባልኩና ከፈልኩ። በስድስተኛው ሳምንት ስሄድ በሩ ተቆልፏል። ጎን ያለው ሱቅ "ኪራይ ተጨምሮባቸው ለቀዋል" አለኝ። ደረሰኝ አልያዝኩም፤ ስልኩም አይነሳም። ገንዘቡ አናደደኝ፣ የበለጠ የጎዳኝ ግን ሌላ ነው፦ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሳልሠራ ቀረሁ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየወሩ ክፈሉ። ቅናሹ ይለፋችሁ። ያለ ደረሰኝም አትክፈሉ። የአንድ ቀን ክፍያ የሚቀበል ጂም ካለ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን በቀን ከፍላችሁ ሞክሩት።

ሩጫውና እርምጃው በነጻ አለ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዚህ ላይ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጨምራል። እኔ ይሄን ሳነብ የገባኝ፣ የመጀመሪያው ክፍል እኛ አገር ደጃፋችን ላይ ተዘርግቶ መገኘቱ ነው። ብር ሊጠይቅ የሚችለው ሁለተኛው ነው። ለዚህ ነው ደሴ ላይ ለሩጫ ማሽን ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል የማይታየኝ። መክፈል ካለባችሁ ለብረት ክፈሉ።

ከተማችን ደሴ ያለችው ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባህር ጠረፍ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነታችን ስለለመደው አናስተውለውም እንጂ ልባችንና ሳንባችን ጠንክረው ነው የሚሠሩት። ዳገት ሲጨመርበት የሃያ ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ብቻውን ስፖርት ነው። ልኩን ለማወቅ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ ግን መንዙማም ሆነ መዝሙር ለማንጎራጎር ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ መካከለኛ የሚባለው እሱ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። ሐኪሟ በእግር መሄድ ሲያዛት መጀመሪያ "በዚህ ዕድሜዬ ስፖርት!" ብላ አፈረች። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ጎረቤቶቿ በሩን ያንኳኳሉ። አንደኛዋ ሱብሒ ሰግዳ ነው የምትመጣው፣ አንደኛዋ ኪዳን አድርሳ። እናቴ ነጠላዋን ታደገድጋለች፣ ሸራ ጫማዋን ታስራለች፣ ከረሜላ ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ከረሜላው ሐኪሟ የነገራት ነው፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እየሄደ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ዳገቱን ይወጣሉ፣ ሲመለሱ ጉልበቷ ስለሚያማት ዱላዋን ይዛ በዝግታ ትወርዳለች። አንዷ የቀረች ቀን ሁለቱ ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠይቋታል። እስካሁን ባየሁት ከየትኛውም ጂም አባልነት በላይ ሰው ያዘለቀው ይሄ የጎረቤት ማንኳኳት ነው።

የጦሳን ተራራ ለእሁድ አድርጉት። ከከተማው በስተምዕራብ ሁልጊዜ ዓይናችን ላይ ስላለ ቅርብ ይመስላል እንጂ ላልለመደ ሰው ቀላል አይደለም። ሦስት አራት ሆናችሁ፣ ውሃ ይዛችሁ፣ ከነጋ በኋላ ውጡ። የሚያደክመው መውጣቱ ቢሆንም በማግስቱ ጭን የሚያሳምመው መውረዱ ነው። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ያንሸራትታልና ይቅርባችሁ።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሞቃት ነው፣ ሜዳም አለው። ለሶምሶማ የሚሻለው እሱ ነው፤ ግን ፀሐይ ሳትጠነክር ነው። ኮምቦልቻ የለመደ ሰው ደሴ መጥቶ በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ ቶሎ ያለከልካል። ይሄ የከፍታው ነገር ነው፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት ቀስ በሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐረጎ የሚወጣው አስፋልት ለሩጫ ዓይን ይስባል። እባካችሁ ተዉት። ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪናም ይበዛበታል። ቅዳሜ ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ሐይቅ ወጣ ብሎ በውሃው ዳር መራመድ ይችላል። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቤተሰብም ይዞ ይኬዳል።

ውጭ መሥራት ሁለት ጉድለት አለው፣ አልደብቃችሁም። ሳይነጋ ከወጣችሁ ውሻ አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃውና ጉሙ ፕሮግራም ያፈርሳል። ወደ ክረምቱ በኋላ እመለሳለሁ።

ብረቱን ከየት እናግኝ?

ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጫንበት ነው፤ ያንን ሲለምድ ደግሞ ሌላ ሲጨመርበት። ሩጫ ይሄን ለእግር በመጠኑ ያደርገዋል። ለጀርባ፣ ለትከሻና ለክንድ ግን አይደርስም። ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ምንም ካልሠራንበት ጡንቻችን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው እየጨመረ የሚሄድ ጭነት በርካሽ የት ይገኛል የሚለው ነው። ቤት አለ፣ የሰፈር ጂም አለ፣ ባለ ማሽኑ ጂም አለ።

ከቤት እንጀምር። ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ፑሽ አፕ ሞክሮ ሦስት ሲደርስ ወድቆ "እኔ አልችልም" ብሎ ይተዋል። አብሽሩ፣ ከመሬት መጀመር ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋችሁ ግፉ። እዚያ 20 ሲደርስላችሁ የአልጋ ጠርዝ ላይ። ከዚያ መሬት። መሬቱ ሲቀልላችሁ እግራችሁን በርጩማ ላይ ሰቅላችሁ። ይሄው ጭነቱ ጨመረ ማለት ነው፤ አንድ ብር ሳይወጣ።

ለሌላው ሥራ ቢጫው ጀሪካን በቂ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በ5 ሊትር ጀምራችሁ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሊትር መጨመር ትችላላችሁ። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚጨምር ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚነሳ ብረት) ጂም ውስጥ እንኳ ሁልጊዜ አይገኝም! ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁት ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ። ወገባችሁን ሳታጎብጡ ጎንበስ ብላችሁ፣ በአንድ እጅ ጠረጴዛ ተደግፋችሁ፣ በሌላው ወደ ጎናችሁ ሳቡት። ይሄ የመሳብ ሥራ ቤት ውስጥ ሁሌ የሚረሳው ነው። ፑሽ አፕ ብቻ የሚሠራ ሰው ደረቱ ተወጥሮ ትከሻው ወደ ፊት ሊጎብጥ ይችላል። ለትከሻ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ያዙ። ሲቀልላችሁ ውሃውን ድፉና አሸዋ ሙሉበት፤ ከሦስት ኪሎ ያላነሰ ይሆናል።

የቤት ችግሩ ዕቃ ማጣት አይደለም። ማንም አያያችሁም። የምትሠሩት ልክ ይሁን ስህተት የሚነግራችሁ የለም፤ ብትቀሩም የሚጠይቃችሁ የለም። አልጋውም እዚያው ነው።

የሰፈር ጂም የምለው ወጣቶች ተሰባስበው ግቢ ውስጥ የሠሩትን ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። እኔ የምሠራበት ከአንድ ጓደኛችን ቤት ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ ናት። የውሃ ቧንቧ ብረት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ ትልቁ የኒዶ ጣሳ። ከእንጨት የተመታ ቤንች፣ ላዩ ላይ የሶፋ ስፖንጅ በላስቲክ ተጠቅልሎ። በሁለት ግንድ መሐል የተጋደመ፣ ተንጠልጥለን ራሳችንን ወደ ላይ የምንስብበት የፑል አፕ ብረት አለ፤ እጅ የሚይዝበት ቦታ ከብዛቱ የተነሳ እንደ መስታወት ያበራል። በወር የምናዋጣው ለሲሚንቶና ለአምፖል ያህል ነው።

ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ ግን ዓይናችሁን ከፍታችሁ ግቡ። አንድ ሰሞን ግራ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ሁላችንም "ሥራ በዝቶበት ነው" አልን። አንድ ቀን ጣሳዎቹን ፈተን እህል ቤት ወስደን ሚዛን ላይ ብናስቀምጣቸው አንዱ 11 ኪሎ፣ ሌላው 13 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ለሳምንታት የተጣመመ ብረት ስገፋ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጣሳ መዝነን ኪሎውን በቀይ ቀለም ጻፍንበት። እናንተም ከመግፋታችሁ በፊት አስመዝኑ። ቤንች ላይም ተኝታችሁ ብቻችሁን አትግፉ። እንዲህ ያለ ቦታ ብረቱ ደረት ላይ ቢወድቅ የሚይዘው ነገር የለም፤ ራስጌያችሁ ላይ ሰው ይቁም።

ታዲያ ባለ ማሽኑ ጂም ለማን ነው? አራት አይነት ሰው ይታየኛል። የሰፈሩ ብረት የቀለለው ሰው፣ በተለይ በከባዱ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) መሥራት የሚፈልግ። ጉዳት ኖሮበት ማሽን ላይ ተደግፎ መጀመር ያለበት ሰው። አጠገቡ የሚያርመው አሰልጣኝ ካልቆመ የማይሠራ ሰው። አራተኛው ደግሞ የቤት ግቢም የሰፈር ጂምም የማይመቸው፣ ከሥራ በቀጥታ ገብቶ ሠርቶ መውጣት የሚፈልግ ነው። ከነዚህ ውስጥ ካልሆናችሁ ቢያንስ ለሁለት ወር በጀሪካኑ ጀምሩ። ሁለት ወር ቤት ውስጥ የዘለቀ ሰው ጂም ውስጥም ይዘልቃል፤ ያኔ የሚከፍለው ብር አይባክንም።

ልትመዘገቡ ስትሄዱ

እሁድ ከሰዓት ሄዳችሁ ባዶ ጂም አይታችሁ አትመዝገቡ። ማክሰኞ ምሽት 12 ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ማክሰኞ ምሽት 12 ሰዓት ሂዱ። አንድ ቤንች ላይ ስንት ሰው ተሰልፏል? ሃያ ሰው ተራ የሚጠብቅበት ሁለት ቤንች ካለ የአንድ ሰዓት ስፖርታችሁ አርባ ደቂቃው ወሬ ነው።

የማሽኖቹን ብዛት ተዉትና ዳምቤሎቹን እዩ። ጥንድ ጥንድ ናቸው? ከትንሹ እስከ ትልቁ በመሐል የጎደለ አለ? ከ10 ኪሎ ቀጥሎ ያለው 20 ከሆነ እዚያ ላይ ትቆማላችሁ። የስኳት ማቆሚያው ብረቱን የሚይዝ መጠበቂያ አለው? የማሽን ገመዶቹን በእጃችሁ ዳስሱ፤ የተበጣጠሰ ክር ካለ ያ ማሽን ሰው ላይ ይበጠሳል። የሩጫ ማሽን ላይ መብራት ድንገት ሲሄድ ቀበቶው ቀጥ እንደሚልም አስታውሱ። ብትሮጡበት እንኳ እጃችሁ መያዣው ላይ በሚደርስበት ቦታ ሆናችሁ ሩጡ። ሻወር አለን ካሏችሁ ቧንቧውን ክፈቱት፤ የውሃው ፈረቃ ቀንም ውሃ የሚኖረው ታንከር ካላቸው ነው።

አሰልጣኙን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ገና ብረት ሳያስነሳችሁ "ያመመህ ነገር አለ? ደም ግፊት? ወገብ? ልብ?" ብሎ ጠየቀ ወይ? የጠየቀ ሰው ሥራውን ያውቃል። በመጀመሪያው ቀን ከባድ ጭኖ ለሳምንት ደረጃ መውረድ እንዲያቅታችሁ የሚያደርግ ሰው ቢፎክር አትስሙት።

ሴቶች የሚመለከቱት ተጨማሪ ነገር አለ፣ እህቴ ስትፈልግ አብሬያት ዞሬ ያየሁት ነው። "የሴቶች ሰዓት አለን" የሚሉ አሉ። ሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ነው፤ ቢሮ የሚሠራ ሰው አይደርስበትም። አንዳንዱ ጋ ደግሞ በሴቶች ሰዓት ወንዶች ሲወጡ ሲገቡ አይተናል። በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ አሰልጣኟ ራሷ ሴት መሆኗንም ጠይቁ። እህቴ በመጨረሻ ሌላ መንገድ ያዘች። ከሦስት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሆነው አንዲት የኤሮቢክስ አሰልጣኝ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ አንዷ ግቢ እንድትመጣ ተስማሙ። ክፍያው ለአራት ሲካፈል ጂም ከሚከፈለው አነሰ፤ ሂጃቧን ለማውለቅም የምትሳቀቅ የለችም፤ በመንገድ ላይ ለከፋም ቀረላቸው። ለሴቶች ካየሁት ሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው።

ስለ ጾሙም ጠይቁ። ወሎ ላይ ሁሌም የአንዱ ጾም ይገባል። ረመዳን ሲሆን ብዙ ሰው የሚመርጠው ቀለል ያለውን ከማፍጠሪያው በፊት ባለው አንድ ሰዓት፣ ከባዱን ካፈጠረ ሁለት ሰዓት በኋላ መሥራት ነው። ጂሙ በዚያን ጊዜ ክፍት ነው? ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። ጾም ውስጥ ማቋረጥ የሚፈልግ ሰው የከፈለው ቀን ይያዝለታል ወይስ ይቃጠላል? "ይያዝልሃል" ካሉ በወረቀት ላይ ያስፍሩት።

አንዳንድ ጂም ከገባችሁ በኋላ የፕሮቲን ዱቄት ግዙ ማለት ይጀምራል። ወጪው ከወርሃዊው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል፣ ደግሞም ለአብዛኞቻችን አያስፈልግም። ብረት የሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። 70 ኪሎ ከሆናችሁ ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። 100 ግራም ጥሬ ምስር ወደ 25 ግራም፣ ለውዝም እንደዚያው። ምሳና ራት ላይ ወፈር ያለ ምስርና ሽሮ፣ መክሰስ ላይ ለውዝ፣ በፍስክ ሦስት እንቁላልና ወተት ካላችሁ እዚያው ናችሁ። ስሙ ያልተጻፈበት ክኒን ወይም "ቶሎ የሚያወጣ" መርፌ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ግን ከዚያ ጂም ውጡ። ጉበትንና ልብን የሚጎዳ፣ መውለድንም የሚያሳጣ ነገር ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ የሰፈራችን ልጆች ስለሚሞክሩት ነው።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። እኔ አሁን ዓመቱን ሙሉ አልከፍልም። ከመስከረም እስከ ሰኔ እርምጃውን ውጭ፣ ብረቱን ሰፈር እሠራለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮው ስለሚያፈስና ግቢው ጭቃ ስለሚሆን ለሁለት ወር ጣሪያ ያለው ጂም እገባለሁ፤ በየወሩ እየከፈልኩ፣ ደረሰኝ እየተቀበልኩ። የ12 ወር ክፍያ ወደ 2 ወር ወረደ ማለት ነው። በምሳሌያችን ዋጋ 18,000 ብር የነበረው 3,000 ይሆናል። ከተረፈው ላይ አንድ ደህና መሮጫ ጫማ ግዙ። ሰልባጅ ተራ ስትመርጡ ሶሉን በሁለት እጃችሁ አጥፉት፤ መሐሉ ላይ እንደ ጨርቅ የሚታጠፈውን መልሱ፣ ጣቶች በሚያርፉበት በኩል ብቻ የሚታጠፈውን ያዙ።